የፓታን መስኮቶችና የሱሉልታው በር

ወደ ኔፓል ለሥልጠና ከተላክነው አራት ሰዎች መካከል እንጨት ሥራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰበታ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን ስም ልትመዘግብ የገባች ጸሐፊ እመስላቸዋለሁ፤ ወሬያቸውን የሚያቆሙት መላጊያውን አንስቼ ሥራ ስጀምር ነው። ሌሎቹ ሦስቱ የቢሮ ሰዎች ነበሩ። የቡድናችን መሪ የነበሩት ጠና ያሉ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ እዚያ ሳለን ያመመኝ ቀን ሾርባ ይዘውልኝ የመጡት እሳቸው ናቸው። እንዲህም ሆኖ በመጨረሻው ቅዳሜ ያደረጉኝን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

ማመልከቻውን የሞላሁት ለአንድ ፎቶ ብዬ ነው። በሥልጠናው ማስታወቂያ ጀርባ ላይ የታተመው ካትማንዱ አጠገብ ያለው የፓታን የድሮ ቤተ መንግሥት አደባባይ ነበር፤ ኔዋር የሚባሉት የሸለቆው ሰዎች የሠሩት። ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው፤ ከጡቡ መሃል ጥቁር የእንጨት መስኮት ብቅ ይላል። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ጣት የማያሳልፍ የእንጨት ጥልፍልፍ ነው። ወረቀቱን ሱሉልታ ወስጄ ለአባቴ አሳየኋቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጺ ነበሩ፤ አሁን ጣቶቻቸው ስለተቆለመሙ መዶሻ መያዝ ትተዋል። ሰፈሩ ግን ዛሬም በአክብሮት «ኦቦ» እያለ ይጠራቸዋል፤ የጎረቤት ወንበር በተነቃነቀ ቁጥር ሄደው ተቀምጠው ያዛሉ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ጥልፍልፉን መረመሩ።

«ምስማር የለውም» አሉ።

«ኮላስ?»

«ኮላም የለውም። እንዲህ የቀጠነ እንጨት በኮላ ቢያያዝ ይሄን ሁሉ ዘመን አይቆይም። እንዴት እንደተያያዘ አይተሽልኝ ነይ። ሌላ ምንም እንዳታመጪ።»

ከዚህ የቀለለ መልእክት የለም ብዬ ነው የሄድኩት።

የሥልጠናው ሁለት ሳምንት አዳራሽ ውስጥ አለቀ። ስለ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት፣ ስለ ምዘና፣ ስለ ሪፖርት አጻጻፍ በፕሮጀክተር ሲያሳዩን ሰነበቱ። እንጨት ያየሁት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ነው፤ እሱም ፎርማይካ ለብሷል። መንገድ ላይ ከአውቶቡሱ መስኮት አንዳንድ የተቀረጸ በር ሽው ብሎ ሲያልፈኝ አንገቴን አዙሬ እከተለዋለሁ። አንድ ነፃ ቀን ነበረን፤ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ቅዳሜ። እዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነስተን በቀጥታ ፓታን እንድንሄድ ተስማማን። ሜትር፣ እርሳስና ደብተር በቦርሳዬ ይዤ ከሁሉም ቀድሜ ወረድኩ።

መጠበቅ የማልችል ሰው አይደለሁም። ቡራዩ ተከራይቼ እየኖርኩ ሰበታ እሠራለሁ፣ እሑድ እሑድ አባቴን ልጠይቅ ሱሉልታ እወጣለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አዲስ አበባን መሃል ለመሃል ማቋረጥ አለብኝ፤ ግማሽ ዕድሜዬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው ያለቀው። የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነበር።

መሪያችን አውቶቡስ ውስጥ ገብተው፣ «መጀመሪያ አንድ ሱቅ ብቅ እንበል፤ ዐሥር ደቂቃ» አሉ። ሱቁ የሻርፕ ሱቅ ነበር። ለባለቤታቸው፣ ለእህቶቻቸው፣ ስሟን ሊነግሩን ላልፈለጉት አንዲት ኃላፊ። ሻጩ ሻርፑን ሁሉ እያወረደ ወለሉ ላይ ዘረጋው።

«እስቲ አንቺ ልበሺው፤ ቁመትሽ ከባለቤቴ ጋር ይቀራረባል» አሉኝ።

ለበስኩ። አወለቅኩ። ዞርኩ። ሮዙን ለበስኩ፣ እንደገና ሰማያዊውን። «ጋሼ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» ስላቸው፣ «ቤተ መንግሥቱ የት ይሄዳል? ስንት መቶ ዓመት የቆመ» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ራሴን የምጠላው እንዲህ ስሆን ነው።

ፓታን ስንደርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አስጎብኚያችን ሰዓቱን አይቶ፣ «አንድ ሰዓት አላችሁ» አለ።

አደባባዩን ሳየው ንዴቴ ለጥቂት ደቂቃ ጠፋልኝ። በአንድ በኩል ቤተ መንግሥቱ ረጅም ሆኖ ተዘርግቷል። ፊት ለፊቱ ቤተ መቅደሶቹ ተደርድረዋል፤ ጣሪያቸው ደረጃ በደረጃ እየጠበበ ይወጣል። እያንዳንዱን ጣሪያ ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘነበሉ ወፋፍራም እንጨቶች ደግፈውታል፤ በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ብዙ ክንድ ያለው አምላክ ተቀርጿል። ሽማግሌዎች ከመቅደሱ ሥር ባለው መደብ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ሴቶች አበባና ቀይ ዱቄት በሳህን ይዘው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ማንም ቀና ብሎ መስኮቱን አያይም። እኔ ብቻ አንጋጥጬ የሰው እግር እረግጣለሁ።

አስጎብኚው ግን ነገሥታት ነበር የሚወደው። ረጅም የድንጋይ ምሰሶ ላይ የተንበረከከ የንጉሥ ሐውልት አለ፤ ከበላዩ እባብ አንገቱን አቁሟል፣ እባቡ ራስ ላይ ወፍ ተቀምጣለች።

«ወፏ እስክትበር ድረስ ንጉሡ አልሞተም ብለው ያምናሉ። ተመልሶ ቢመጣ ብለው አንድ መስኮት ክፍት ይተዉለት ነበር» አለን።

«የትኛው መስኮት?» አልኩት።

ወደ ላይ በእጁ ጠቆመኝ።

«ማጠፊያው ምንድን ነው? ብረት ነው ወይስ ከራሱ ከእንጨቱ የወጣ?»

ትንሽ አየኝና ስለ ሌላ ንጉሥ ማውራቱን ቀጠለ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። በሦስተኛው፣ «የጥንት ጥበብ ነው» አለኝ። ይሄን ዓይነቱን መልስ ከአገሬም አውቀዋለሁ። የማያውቁት ነገር ሁሉ የጥንት ጥበብ ነው።

መስኮቶቹን ከጀርባቸው ለማየት ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ መግባት ያስፈልግ ነበር። በሩ ላይ ግን «ዛሬ በጸሎት ሥነ ሥርዓት ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «ነገ ኑ» አለ አስጎብኚው። ነገ አውሮፕላን ላይ ነን። ወደ አንዱ ቤተ መቅደስም የእምነቱ ተከታይ ያልሆነ አይገባም ተባልን። በዚህኛው አልተቀየምኩም፤ እኛም መቅደሳችን ውስጥ ያገኘነውን ሁሉ አናስገባም። ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ የመስኮትን ፊት ብቻ አይቼ መመለስ ሆድ ያባው ንዴት ሆነብኝ። ፊቱንማ ፎቶው ላይም አይቼዋለሁ።

ከአደባባዩ ጥግ፣ ከዓመታት በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ገና እየተጠገነ ነበር። ዙሪያውን ቀርከሃ አስረው አጥረውታል። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሽማግሌ አናጺ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እንጨቱን በሁለት እግራቸው ጣት ቆንጥጠው ይዘው በመሮ ይቀርጻሉ። ከአስጎብኚው ተለይቼ ሄድኩ። እጅ ነሳሁ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስልኬን አውጥቼ የሰበታውን ወርክሾፕ ፎቶ በቀርከሃው መሃል አሻግሬ አሳየኋቸው፤ የመሥሪያ ጠረጴዛዎቹን፣ ቱታ ለብሼ መጋዝ ይዤ የተነሳሁትን። ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። እኔን አዩ፣ ፎቶውን አዩ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ጥልፍልፍ ጠቆምኩና ሁለት እጄን አቆላልፌ፣ «እንዴት?» በሚል ፊት አሳየኋቸው።

ወዲያው ገባቸው። ከጆንያ ውስጥ መዳፍ የሚያህል የጥልፍልፍ ቁራጭ አወጡና ወደ አጥሩ ቀረብ ብለው ቁጢጥ አሉ። በአውራ ጣታቸው አንዷን ዘንግ ገፋ አደረጓት፤ ተንሸራታ ወጣች። ሌላዋ ተከተለች። ምስማር የለም፣ ኮላ የለም። እንደ ተፈታ ሹሩባ ሁሉም ዘንግ አንድ በአንድ ተለያይቶ መዳፋቸው ላይ ተኛ። እያንዳንዱ ዘንግ የተለያየ ጥርስ አለው፤ አንዱ ከላይ ተበልቷል፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከሁለቱም ጎን። ደብተሬን አወጣሁ። ሽማግሌው ጣታቸውን አንስተው፣ ቆይ፣ አሁን ተመልከቺ የሚል ምልክት ሰጡኝና መግጠም ሊጀምሩ የመጀመሪያዋን ዘንግ አነሱ።

አጥሩ ሥር ያስቀመጡት ስልኬ ጮኸ። አባቴ ጋ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ በቪዲዮ። ሽማግሌው ስልኩን መለሱልኝ። ወንድሜ በዚህ ሰዓት የሚደውለው አባቴ አንድ ነገር ቢሆኑ ነው ብዬ ደንግጬ አነሳሁት።

«ስሚ» አለኝ፣ «ቡኒ ይሻላል አረንጓዴ?»

«ምኑ?»

«የበሩ ቀለም። በያጆቹ መጥተዋል፤ ላሜራውን እየገጠሙ ነው።»

ስልኩን ሲያዞረው የቤታችን ግድግዳ አፉን ከፍቶ ታየኝ። አሮጌው በር ተነቅሎ ጭቃው ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ አንድ ሰውዬ በቦት ጫማው ቆሞበት የኤሌክትሪክ ገመድ ይጎትታል። ቤተሰቤ ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ በመጣ ጊዜ አባቴ በእጃቸው የሠሩት የጥድ በር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይሄ በር አንድ ምስማር የለበትም» ይሉ ነበር። እኔ ሙያውን የወደድኩት በዚያ በር ነው።

«ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። «እንዳትነኩት! ማን ንካ አለህ? ተዉት!»

እርግቦቹ ተነሱ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው አናጺ ዘንጓን ከእጃቸው ጣሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ አልነካሁም በሚል ዓይነት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የጮህኩት በእሳቸው ላይ መስሏቸዋል።

«አይ፣ አይ፣ እርስዎን አይደለም አባቴ!» አልኩ በአማርኛ፤ በእንግሊዝኛም ይቅርታ አልኩ። ስልኩን አሳየሁ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ስልኩ ውስጥ ወንድሜ፣ «ኧረ ምን ሆነሻል? አባባ ራሳቸው…» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ሽማግሌው ዘንጎቹን አንድ በአንድ ከመሬት ለቀሙና ጆንያው ውስጥ ከተቷቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቦታቸው ተመልሰው እንጨቱን በእግራቸው ጣት ያዙና መሯቸውን አነሱ።

አስጎብኚውን ለምኜ ላስተረጉም ስሮጥ መሪያችን አገኙኝ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺን ነው የምንፈልገው! ባነሩን የሚይዝ ጠፋ።» የሥልጠናው ስም የተጻፈበት ባነር አሠርተው ነበር። ከንጉሡ ምሰሶ ሥር ሆነን ፎቶ ተነሳን። ነፋሱ ባነሩን ገለበጠው፤ እንደገና ተነሳን። ከዚያ መሪያችን ብቻቸውን፣ ከዚያ ከአስጎብኚው ጋር፤ እኔ ጫፉን እንደያዝኩ ነው። ሲለቁኝ ሮጬ ወደ ቀርከሃው አጥር ሄድኩ። ሽማግሌው የሉም። ምሳ ይሁን ሌላ ሥራ አላውቅም፤ መሮው ብቻ እንጨቱ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። በመስኮቶቹ ሥር ሳልፍ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

አዲስ አበባ በደረስን ማግስት ሱሉልታ ሄድኩ። ከታክሲው ስወርድ የቤታችን በር ከሩቅ ታየኝ፤ አረንጓዴ አድርገውታል። ወንድሜን ምን እንደምለው መንገዱን ሙሉ አጥንቼ ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ሳልስማቸው፣ «ተመልከቺ» አሉኝና ላሜራውን በአንዲት ጣታቸው ገፉት። ተከፈተ። ግድግዳውን መትቶ ተንጓጓ። ደስ ብሏቸዋል።

«አባባ፣ በሩን ማነው ያስነቀለው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቱ?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ እርጥበት እየጠጣ ሲያብጥ በትከሻዬ ነበር የምገፋው። ባለፈው ሐምሌ ጊዜ ዝናብ ላይ ውጭ ቀርቼ ጎረቤት መጥቶ ከፈተልኝ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? የሠራሁት በር እኔን እምቢ አለኝ ልበል?»

 በዚያ አደባባይ ላይ የጮህኩት፣ ሽማግሌውን ያስደነገጥኩት፣ ሌሊቱን አውሮፕላን ውስጥ ጥርሴን ነክሼ የመጣሁት ለእሳቸው ተቆርቁሬ ነበር። ወንድሜ ከጓዳ ሆኖ፣ «ልነግራት ነበር እኮ፤ መች ታስጨርሰኛለች» አለ። እሱም እውነቱን ነው። ንዴቴን የምወጣበት ሰው አጣሁ፤ እንዲህ ያለው ንዴት ደግሞ ቶሎ አይበርድም።

አባቴ ተቀመጡና፣ «እሺ፣ ጥልፍልፉስ?» አሉኝ።

«ሲፈታ አይቻለሁ።»

«ሲገጥምስ?»

«አላየሁም።»

«ሲፈታማ ማንም ያየዋል» አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

አሮጌው በር ጓሮ ውስጥ የዶሮ ቤት ሊሆን ታስቧል። እንቢ አልኩ። ወደ ሰበታ የሚሄድ አይሱዙ ለምኜ አስጫንኩና ወርክሾፓችን ውስጥ አስገባሁት። ተማሪዎቼን ሰብስቤ፣ ያለ ምስማር የተሠራ በር እንዴት እንደሚያያዝ ዛሬ ፈትተን እናያለን አልኳቸው። ስለ አባቴ እየተኩራራሁ ጥቂት ተናገርኩ። አንዷ ተማሪ፣ ከወላይታ የመጣችና ዝም ባይ የሆነች ልጅ፣ ከማዕዘኑ ላይ ክብ የእንጨት ውታፍ በመሮ ፈልቅቃ አወጣች። ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ምስማር ነው።»

ዝጓል፣ ረጅም ነው፣ በውታፉ ሥር ተደብቋል። ሌላውን ማዕዘን ከፈትን። ሌላ ምስማር። አራቱም ጋ አለ። ተማሪዎቹ እንዳይስቁ እርስ በርስ አይተያዩም።

እዚያው ደወልኩላቸው። «አባባ፣ በሩ ምስማር አለበት!»

እንደ መሳቅ እያደረጋቸው፣ «አገኛችሁት?» አሉኝ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ለእንግዳው ሁሉ የለውም ትሉ አልነበር?»

«ያለ ምስማር ነበር የጀመርኩት። ሰኔ ገባብኝ። አንቺን እርጉዝ ሆና እናትሽ በር በሌለው ቤት በሸራ ተጋርዳ ነበር የምትተኛው። ጥርሱን እያስተካከልኩ ልቀመጥ? መታሁትና ደፈንኩት። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። በኋላ የሚባል ነገር ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ሸራ ውስጥ እንደከረመች ግን ከዚያ ቀን በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። የምስማሩን ነገር ደብቄ ልለፈው አልቻልኩም፤ ምክንያቱን ልናገር ስል ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዝም ባይዋ ልጅ መጥረጊያ አንስታ ያልቆሸሸ ወለል መጥረግ ጀመረች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ሳይጠሩ፣ አባቴ በወንድሜ መኪና ሰበታ መጡ። ወርክሾፑ ገብተው በርጩማ ሳቡ። ፓታን ካየሁት እያስታወስኩ ጠረጴዛው ላይ የቆራረጥኳቸውን ዘንጎች አንስተው አዩና፣ «ማነው ይሄን የቆረጠው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ጥርሱ ወደዚህ ነው መዞር ያለበት።»

«አባባ፣ እዚያ ያየሁት ወደዚያ ነው።»

«ያየሽው ሲፈታ ነው። ሲፈታና ሲገጥም አንድ ነው?»

ተማሪዎቹ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ክፍሌ ውስጥ፣ በተማሪዎቼ ፊት! ግን እጃቸው አይሠራምና እሳቸው እየተናገሩ እኔ ቆረጥኩ። እንደ እሳቸው ስቆርጥ ላላ፤ እንደ እኔ ስቆርጥ ጠበቀና አልገባ አለ። ከሰዓት በኋላ አራት ዘንጎች ተያይዘው ቆሙ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። አምስተኛውን ስንገፋው ተሰነጠቀ። እሳቸው በቆረጣዬ አመካኙ፣ እኔ በአገፋፋቸው። ተማሪዎቹ ሰርቪሳቸው ደርሶ ሄዱ፤ ወንድሜ ከውጭ ጥሩምባ መንፋት ጀመረ፤ እኛ ግን በተሰነጠቀችው ዘንግ ላይ እንከራከራለን።

መኪናው ውስጥ አስገባኋቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «የሚመጣው ሐሙስ ስመጣ ደህና መሮ አዘጋጂ። ይሄኛው ቅቤም አይቆርጥ» አሉኝ።

መሮውን በዚያን ቀን ጠዋት በድንጋይ የሳልኩት እኔው ነበርኩ።